ድንክ ጽጌረዳ በጉንደ ወይን ጓሮ

ድንክ ጽጌረዳ የሚባለው ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ የአበባው ስፋት ከ4 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ቅጠሉም እሾሁም እምቡጡም በዚያው ልክ ያነሰ የጽጌረዳ ወገን ነው። ዘሩ የሚመዘዘው ከቻይና ጽጌረዳ ሲሆን ደጋግሞ የማበብ ጠባዩንም የወረሰው ከዚያው ነው። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ራልፍ ሙር በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን አዳቅሎ በማውጣቱ፣ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ድንክ ጽጌረዳ ብዙው ለእሱ ሥራ ባለዕዳ ነው።

ስለነዚህ ዝርያዎች የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት አስቀድመው የሚመረምሩት ተክሉ የበረዶውን ወራት መቋቋም አለመቋቋሙን ነው፤ ይህ መለኪያ ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ በሚገኘው ደጋማ አገር ፋይዳው ትንሽ ነው። በዚሁ አገር ባለችው በጉንደ ወይን ጽጌረዳን የሚፈትነው ክረምቱ፣ ይልቁንም ክረምቱ የሚያስከትለው ጥቁር ነጠብጣብ የተባለ የፈንገስ በሽታ ነው። ፈንገሱ ቅጠሉን ለመያዝ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሰባት ሰዓት ያህል ከቆየለት ይበቃዋል፤ ሐምሌ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሰጠዋል። በመጀመሪያ በታችኛው ቅጠል ላይ ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም ቅጠሉ ይረግፋል። ድንኩ ከረጅሙ ይልቅ የሚጎዳው ለመሬት ስለሚቀርብና የዝናቡ ጠብታ በበሽታ የረገፈውን ቅጠል መትቶ ፈንገሱን በቀላሉ ስለሚረጭበት ነው።

ስለዚህ፣ ዝርያ ለመምረጥ የሚሻለው ጊዜ የመስከረም መጀመሪያ ነው። መስከረም 26 ቀን ወርኃ ጽጌ ከገባ በኋላ ደካማውም ብርቱውም አብቦ ስለሚታይ ዓይን ይታለላል፤ በመስከረም መባቻ ግን ቅጠሉን እስከ ታች ይዞ የቆየውና ባዶ ግንዱን የቀረው በግልጽ ይለያሉ። በአካባቢው ችግኝ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሻገረው ስሙ ሳይታወቅ በመሆኑ፣ ከየትኛውም የካታሎግ ስም ይህ ምልክት የበለጠ ይታመናል። ከከተማ በማሰሮ ተገዝቶ የሚመጣው ድንክ ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ ለመስታወት ቤት የተዳቀለ ስለሆነ በመጀመሪያው ክረምት ቢራቆት አይገርምም። በአንዱ ማሰሮ ውስጥም ሦስት አራት ችግኞች አብረው ስለሚተከሉ፣ ተለያይተው ካልተተከሉ እርስ በርስ ተሻምተው ይመነምናሉ።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ዋልካ፣ ማለትም ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር የሸክላ አፈር፣ በክረምት ውኃ አቁሮ ሥሩን አየር ያሳጣዋል። ጤፍ ዘሪው ዋልካ ላይ ተረተር አውጥቶ ውኃውን በቦይ እንደሚያስወግድ ሁሉ፣ ለጽጌረዳም ብስባሽ የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ማበጀት ወይም ከታች በተበሳ አሮጌ ጀሪካን መትከል ያዋጣል። ጀሪካኑ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቢቀመጥ ደግሞ ዝናቡ ቅጠሉን አይመታውም፤ ይህ ዕድል ለረጅሙ ጽጌረዳ የለም።

የአገሩ ጽጌረዳ ቀጋ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያሻውም። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛ ጽጌረዳ መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት የሚናገሩለት ይህ ተክል፣ ነጭ አበባውን ሰጥቶ፣ እረኞች የሚለቅሙትን ፍሬ አፍርቶ፣ ያለ ማንም እንክብካቤ ይኖራል፤ ለአጥር የሚፈልገው ሰው ድንኩን ትቶ እሱን ቢተክል ይሻለዋል።

ድንኩን ለማባዛት ማዳቀልም ማጣበቅም አያስፈልግም፤ አበባው ከረገፈለት ቅርንጫፍ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አንስቶ፣ ጥላ ሥር በአሸዋማ አፈር መትከል ይበቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ቀኑ ደርቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ ሊወጣ ይችላል፣ በበጋውም ቀይ ሸረሪት ይመጣል፤ ጽጌረዳው ግን በቅጠሉ ብርቱ ከሆነ ሁለቱም እንደ ሐምሌው በሽታ አያራቁቱትም።