ገዳይና ጠባቂ

በቋንቋችን ውስጥ ለወቀሳም ለውዳሴም የሚያገለግል አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ገዳይ» የሚለው ነው። ሰው የገደለ በሕግ ይጠየቅበታል፤ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ግን በጥንቱ ዘመን ይሞገስበት ነበር። አዳኙ ከበረሃ ሲመለስ መንደሩ በእልልታ ይቀበለዋል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ አንበሳ የጣለ እንደ ሆነ ጎፈሩን ይደፋል፤ ዝሆን የጣለ እንደ ሆነ በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥላል፤ ፉከራውና ቀረርቶው ለብዙ ቀን ይሰማል። እስቲ ደግሞ «ጠባቂ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ለጠባቂ የፎከረ፣ ለጠባቂ ቅቤ የቀባ ማን አለ? ጠባቂ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ካፖርት ደርቦ በር ላይ የሚያድር ሰው ነው። በዚህ ድርሰት ላስረዳችሁ የምፈልገው ቁም ነገር፣ በዛሬው ዘመን ክብሩ ከመጀመሪያው ቃል ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው መሻገር የሚገባው መሆኑን ነው።

ይህን ስል አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በዚያን ጊዜ አውሬው ብዙ፣ ሰው ጥቂት ነበር። አዳኙም ጦርና ጋሻ ይዞ ስለሚገጥም ሞት ለሁለቱም እኩል ነበረች። ጠመንጃ ከተስፋፋ በኋላ ግን ሚዛኑ ፈረሰ፤ ገዳዩ ከሩቅ ሆኖ ይተኩሳል፤ የሚሞተው አንዱ ወገን ብቻ ነው። አደንን በደንብ ለመገደብ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሆኑም የሚያመለክተው፣ አውሬው የማያልቅ ሀብት እንዳልሆነ ያን ጊዜም አስተዋይ ሰው ያወቀው መሆኑን ነው። በዘመናችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ወንጀል አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ ሲጻፍ፣ በጫካ ውስጥ የሚፈጸመው በሰው እግርና ዐይን ነው። ያ ሰው ጠባቂው ነው።

እኔ የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ነው። አንዳንድ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። ብዙ ጎረቤቶቼ ድምፁን ሲሰሙ «ምነው አንድ ሰው በገላገለን!» ይላሉ። ነገር ግን በየሜዳው የሚጣለውን በድን ሌሊት አንሥቶ የሚያጠራልን ማን ነው? ያ በድን ቢቀር ኖሮ እንደ አባ ሰንጋ ያለውን በሽታ ለከብቱም ለሰውም ባተረፈ ነበር። ጅብ ደመወዝ የማይጠይቅ የከተማችን ጽዳት ሠራተኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእንጦጦ ተራራ ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነበር። ከተማይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርዳ አዲስ አበባ ከተባለች በኋላም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆነው እንጨት የሚቆረጠው ከዚሁ ተራራ ነበር፤ ስለዚህ ጥዱም ወይራውም ኮሶውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ለአውሬው ግን ተገቢ ቤት አልሆነለትም። በባሕር ዛፍ ሥር ቁጥቋጦው ስለሚሳሳ ድኩላ የሚግጠውም ሆነ የሚሸሸግበት ያጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሊቃውንት «የምኒልክ ድኩላ» ብለው የሰየሙት ጠቆር ያለው ውብ እንስሳ ዛሬም በእነዚህ ተራሮች ላይ አለ፤ ጦጣውና ጅቡም ከእርሱ ጋር ይኖራሉ። ከተራራው በስተ ደቡብ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በስተ ሰሜን የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በየካ የሚያልፈው የቀበና ወንዝ ምንጩ ከዚያው ነው። ስለዚህ ጫካውን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው አውሬውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ውኃችንንም ነው።

አንድ ቀን ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚያወጣው መንገድ ስሄድ ከአንድ የደን ጠባቂ ጋር ተገናኘሁ። በትሩን ተደግፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ወንድሜ፣ በዚህ ጫካ ውስጥ የምትፈራው ምንድን ነው?» ስል ጠየቅሁት። ጥቂት አስቦ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ አውሬ አልፈራም፤ መጥረቢያ የያዘ ሌባም አልፈራም። የምፈራው፣ ልጆቿ ጾማቸውን ያደሩባት እናት እንጨት ተሸክማ ስትመጣብኝ ነው። ብይዛት ልጆቿ ይራባሉ፤ ብለቃት ጫካው ያልቃል።» ይህ ሰው ደብተር ሳይዝ የዱር ጥበቃን ሥራ ዋና ችግር በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሶ አስተማረኝ። ጫካው ከተራበ ሰው ጋር በተጣላ ጊዜ፣ በመጨረሻ የሚሸነፈው ጫካው ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋም፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ዋልያ ከ200 እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። ጠመንጃ በአገሩ ስለ በዛ ዋልያው ለሥጋውና ለቀንዱ ሲባል በየገደሉ ይታደን ነበር፤ ቀንዱም መጠጫ ዋንጫ ይሠራበት ነበር። የፓርኩ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው የዌልስ ተወላጅ ክላይቭ ኒኮል ከአካባቢው ሰዎች ጠባቂዎችን መልምሎ ከእነርሱ ጋር በብርድና በገደል ደከመ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ይሁን እንጂ በጦርነት፣ በእርሻና በግጦሽ ምክንያት እየተጎዳ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተመዘገበ።

ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእነዚህ 20 ዓመታት ውስጥ የጠባቂው ጠመንጃ ብቻውን ያልሠራውን ብዙ ነገር ሠርቷል። የፓርኩ ወሰን ተስተካከለ፤ የአገሩ ሰው በመንገድ መሪነት፣ በበቅሎ ኪራይና በጥበቃ ሥራ እንጀራ ማግኘት ጀመረ፤ በፓርኩ መካከል የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። አያት ቅድመ አያት የተቀበሩበትን ቀዬ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለምና ዋልያ የዳነበትን ዋጋ ስንቆጥር የእነዚህን ሰዎች ድርሻ መዘንጋት አይገባም። ዋልያም ተራብቶ ከ800 በላይ ደረሰ። የሚያሳዝነው ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የተነሣው ጦርነትና ግጭት የጥበቃውን ሥራ ስላሰናከለው ቁጥሩ እንደገና አሽቆልቁሏል። የ50 ዓመት ድካም በጥቂት ዓመታት ሊባክን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በሌላውም አገር ነገሩ ይኸው ነው። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ደኑንና የተራራ ጎሪላውን ሲጠብቁ ከ200 የሚበልጡ ጠባቂዎች በተለያየ ጊዜ ተገድለዋል። የድንበር ጎረቤቷ ሩዋንዳ ደግሞ ከጎብኚዎች ከምታገኘው የፓርክ ገቢ ላይ እየቀነሰች በፓርኮቿ ዙሪያ ላለው ሕዝብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ታሠራለች። የተራራ ጎሪላ ቁጥር ዛሬ ከ1,000 ያለፈው በጠባቂው ደምና በጎረቤቱ ፈቃድ ነው።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። እንጨት ተሸካሚ ከነበሩት እናቶች አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ይሠራሉ፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም ከእነዚሁ እናቶች ሥራ ያገኙ አሉ። እያንዳንዷ እናት የሸክሙን ገመድ በፈታች ቁጥር ያ የዋሻ ሚካኤሉ ጠባቂ ከጭንቀቱ አንዱን ያቀልላል። ሁሉም ገና አልፈቱትም፤ ስለዚህ የጥበቃው ሥራ ገና አልተፈጸመም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «እኔ ተማሪ ነኝ፤ ጫካ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነውን?» ይል ይሆናል። መልሴ የሚከተለው ነው። አዳኝ የሚያድነው የሚገዛው ስላለ ነው። የዝሆን ጥርስ ጌጥ የሚገዛ ሰው ባይኖር ዝሆን የሚገድል ሰው አይኖርም። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት 61 ኩንታል ያህል የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ ያቃጠለው፣ ይህ ዕቃ ዋጋ ሊኖረው የሚገባው በዝሆኑ አፍ ላይ ሳለ ብቻ መሆኑን ለማሳወቅ ነው። የነብር ቆዳ ወይም የዝሆን ጥርስ ሲሸጥ ብታዩ አትግዙ፤ ቤተ ሰባችሁም እንዳይገዛ ምከሩ። ጅብ ባያችሁ ጊዜ ድንጋይ ከማንሣታችሁ በፊት በድኑን ማን እንደሚያነሣላችሁ አስቡ። በእንጦጦ መንገድ ጠባቂ ስታገኙም ቆማችሁ እጅ ንሡ፤ ስሙንም ጠይቁ። የገዳዮችን ስም ትውልድ በፉከራ ሲያወሳ ኖሯል፤ የጠባቂዎችን ስም ግን ከሥራ ጓደኞቻቸውና ከልጆቻቸው በቀር የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ድርሰት መጻፍ እየተማራችሁ ነውና ቋንቋውን የማደስ ኃላፊነት በእጃችሁ ነው። ግዳይ የጣለ ሰው ሥራው በአንዲት ጥይት ያበቃል፤ ጠባቂው ግን ዛሬ ያዳነውን ድኩላ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ሊያድነው ግድ ይሆንበታል። ከሁለቱ የትኛው ሥራ የበለጠ ጉብዝና እንደሚጠይቅ በእርጋታ መዝኑ፤ ከመዘናችሁም በኋላ ውዳሴያችሁን ለሚገባው ሰው ስጡ።