ምንም እንዳይፈጠር

«ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው» የምትለዋን አባባል እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አንደኛ ዓመት ላይ ተምረናታል። እኔን ግን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ምንም እንዳይፈጠር ሲባል በየቀኑ የሚሠራ ሥራስ? እሱ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ይህን ማንሣቴ ስለ አንድ የዓሣ ገንዳ ላወጋችሁ ፈልጌ ነው።

ታላቅ እህቴ (እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት) ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም ጅዳ ከተማ በሰው ቤት ሠርታለች። ሳሎኑ ውስጥ 400 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም ነበር። ውሏ ላይ ስለ ዓሣ የተጻፈ ነገር የለም። ገንዳውን የተከለው ባለሙያ የመጀመሪያውን ወር እየመጣ አሳያት፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ። እሱ በዐረብኛ የሚለውን እሷ በእኛ ፊደል ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እሱን እያገላበጥኩ ነው።

የዕለቱ ሥራ በቆጠራ ይጀምራል። ጠዋት ስትነሣ ዓሦቹን ትቆጥራለች። የጎደለ ካለ ፈልጎ ማውጣት ግድ ነው፤ የሞተ ዓሣ ገንዳው ውስጥ ከሰነበተ ውኃውን ይመርዘዋል። ቀጥላ ቴርሞሜትሩን ታያለች፤ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ የተነነውን ውኃ መስታወቱ ላይ እስከተሰመረው ምልክት ድረስ ትተካለች። የሚጨመረው ግን ጨው የሌለበት የተጣራ ውኃ ነው። «ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንቺ ልጅ፣ ወጥ ሲደርቅብሽ የምትጨምሪበት ጨው ነው ወይስ ውኃ?» አለችኝ። እውነትም የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል።

ከበድ የሚለው ሥራ ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ አርብ እንግዳ ስለሚመጣ። ከገንዳው ውኃ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 40 ሊትር፣ በጎማ ተቀድቶ ይወጣና በአዲስ ይተካል። አዲሱን የምታዘጋጀው ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ነው። ለአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም የባሕር ጨው፣ ለ40 ሊትር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይገባል። ሌሊቱን በትንሽ ፓምፕ ሲማሰል ያድራል። ጠዋት በጨው መለኪያው ስትለካው 1.025 ካልሆነ ገንዳው ውስጥ አይገባም። ነገሩ አይገርምም? የጅዳ የቧንቧ ውኃ አብዛኛው ከቀይ ባሕር ተቀድቶ ጨዉ የወጣለት ነው። እታለም ደግሞ ያንኑ ውኃ አጣርታ ጨው ትመልስበታለች፤ ያውም ባሕሩ ከከተማው ዳር ሆኖ።

ውኃው የሚቀየረው ለጌጥ አይደለም። ከዓሣው ከራሱ፣ ከእዳሪውና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይመጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ጉዳቱ ቀለል ይላል፤ ግን ይጠራቀማል፤ የሚቀንሰውም ውኃው ሲቀየር ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት ድንጋዩና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ስለሆነ ስፖንጁ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። የሚታጠበው ከገንዳው በወጣው ውኃ ነው። ደብተሩ ላይ «ማጽዳት ሲበዛም ይገድላል» ይላል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ሌላም አለ። አንድ ቀይ ባልዲ ለገንዳው ብቻ ነው፤ ሳሙናም በረኪናም አይነካውም። እጇን ወደ ውኃው ከማስገባቷ በፊት ቅባት አትቀባም። ያ ቤት ስንት ነገር በበረኪና የሚታጠብበት ቤት እንደሆነ ስታስቡት ይህ ቀላል ጥንቃቄ አይደለም። ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣ የሳሎኑ ኤሲ ለዓሦቹ ሲባል አይጠፋም ነበር። የእሷ ክፍል የነበረው ማራገቢያ ነው።

እንግዶቹ «ማሻ አላህ» እያሉ ፎቶ ይነሡ ነበር፤ ሻይ ይዛ የገባችውን ማንም ስለ ገንዳው ጠይቋት አያውቅም። «ዓሦቹን ትወጃቸው ነበር?» አልኳት። «ዓሣ ምኑ ይወደዳል? ብቻ እጄ ላይ ሲሞት አልወድም» አለች። ወደ አገሯ ስትመለስ ባለ ነጭ መቀነቶቹ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ ስትገባ ያገኘቻቸው ራሳቸው፣ በሕይወት ነበሩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እታለም ሥራ እየፈለገች ነው። ባለፈው ወር የአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። «ሙያ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ሰረዝ አድርጋ አለፈችው። «የሰው ቤት ሥራ ሙያ ይባላል እንዴ?» አለችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ውኃ በጠብታ እየመረመረች፣ ጨው እየመዘነች፣ ሕይወት ያለው ነገር ስታኖር የቆየች ሰው እኮ ናት!

እኛስ ምን እናደርጋለን? ከዐረብ አገር ስለተመለሱ እህቶቻችን ብዙ ጊዜ የምንዘግበው ተጎድተው ሲመጡ ነው፤ አለበለዚያ ደግሞ ሀብታም ሆነው ሱቅ ሲከፍቱ። የተጎዱትን መዘገብ ይገባል፤ እሱን አልቃወምም። ግን ምንም ስላልተፈጠረባቸው ዓመታት፣ ምንም እንዳይፈጠር ማን ምን ሲሠራ እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። ሳንጠይቅ ስንቀር እነሱም ራሳቸው ሰረዝ ያደርጉበታል።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሰረዙን ሰርዘን ከጎኑ እንዲህ ጻፍን፦ «የጨው ውኃ አኳሪየም እንክብካቤና የውኃ ምርመራ፣ 5 ዓመት»። መልሱ እስካሁን አልመጣም። እናንተም በዚህ ሴሚስተር ለፊቸር ርእስ ከጠፋችሁ ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አትጠፋም። «ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የምትሠሪው ምን ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ።

ቸር እንሰንብት።