ጫልቢን መሻገር

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ማልዶ የተነሣ መንገደኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከድንበሩ ይደርሳል። አስፋልቱ ከመዘርጋቱ በፊት ግን ይኸው ጉዞ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ሽፍታ ፈርተው፣ በአንድነት ተሰልፈውና በታጣቂ ታጅበው ያልፉበት ነበር። በናይሮቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ የገቡት በዚያ አቧራ፣ በከብትና በጆንያ መካከል ተጨናንቀው ነው። የዛሬው መንገደኛ በመስኮት የሚያየውን ሜዳ “ባዶ በረሃ” ብሎ ያልፈዋል። ባዶ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከአስፋልቱ መውረድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ከማርሳቢት ተነሥተው ወደ ምዕራብ የወረዱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በ1991 ደርግ በወደቀ ሰሞን ሞያሌን ተሻግረው በስደት ናይሮቢ የገቡ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ ወጣት፣ የመኪናዋም ባለቤት። ሦስተኛው መንገድ እንዲያሳያቸው ማርሳቢት ላይ የያዙት የጋብራ ሰው ነው። ዓላማቸው ቱርካና ሐይቅ ዳር መድረስ ነበር።

በዝግጅት ረገድ ወጣቱ የሚታማ አልነበረም። ባለሁለት ዲፈረንሻሏ አሮጌ ላንድክሩዘር ሁለት ስኮርት ጎማ፣ ትርፍ ከመናዳሪ፣ የእግር ፓምፕ፣ አካፋ፣ ክሪክ፣ ክሪኩም እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ በጀሪካን 80 ሊትር ውሃና ለመመለሻ የሚተርፍ ናፍጣ ጭናለች። ከመሪው አጠገብ ከሳተላይት አቅጣጫ የሚቀበል መሣሪያ ተሰክቷል። አጎትየው ግን ከመንገደኛ ይልቅ ከጭነቱ ይቆጠሩ ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ኪስዋሂሊያቸው ሠላሳ ዓመት ቆይቶም አልቃና ስላለ በዘመድ ቤት የልጆች መሣቂያ ነው፤ በናይሮቢ ገበያም ሆነ ቢሮ የሚናገርላቸው የእኅታቸው ልጅ ነው።

ከማርሳቢት ተራራ ሲወረድ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ። ደኑና ጭጋጉ ከኋላ ይቀራል፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይከተላል፤ ከማይኮና ወዲያ ምድሩ በድንገት ይነጣል። ጫልቢ ጥንት ሐይቅ የነበረ፣ አሁን ጨው የለበሰ ወለል ነው። በበጋ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠነክራል፤ መኪና እንደ ልቡ ይበርበታል። ዝናብ ሲጥል ግን ከዙሪያው ከፍታ የሚወርደው ጎርፍ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይተኛል። ውሃው ከተነነ በኋላም ምድሩ ለሳምንታት ያታልላል፦ ላዩ ነጭና ደረቅ፣ ታቹ ጥቁር ጭቃ። አገሩ ከ2020 እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከድተውት ከብቱ ካለቀበት በኋላ፣ በ2023 መጨረሻ ከልክ ያለፈ ዝናብ ጥሎበት ነበር።

መሣሪያው ወለሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር አሳየ። የጋብራው ሰው ግን በዳር በዳሩ እንዙር አለ፤ ዙሪያው ግማሽ ቀን ይጨምራል።

“ጋሼ፣ መሬቱ ደርቋል፤ ይኸው ይታያል። ቀኑን ለምን እንገድለዋለን?” አለ ወጣቱ።

“ልጄ፣ አገሩ የእሱ ነው። የሚልህን ስማ” አሉ አጎቱ።

ወጣቱ መሪውን ወደ ነጩ ምድር አዞረ። የጋብራው ሰው አንድ ጊዜ ተናግሯልና አልደገመም።

ሃያ ደቂቃ እንደ ሄዱ የጨው ቅርፊቱ ከፊት ጎማዎች ሥር ተሰበረ። ወጣቱ በድንጋጤ ነዳጅ ሰጠ፤ ጎማዎቹም በተሽከረከሩ ቁጥር እየቆፈሩ ሰመጡ፣ መኪናዋም በሆዷ ተኛች። በዚያ ፀሐይ ቆፍረው፣ በጣውላው ላይ ክሪክ አቁመው፣ አንዱን ጎማ ሲያነሡ ሌላው እየገባባቸው ቀትሩ አለፈ። መሣሪያው ያሉበትን ነጥብ ያለ እንከን ያሳይ ነበር፤ ከዚያ የሚያወጣ ሰው ከየት እንደሚገኝ ግን አያሳይም።

ወደ ማምሻው ገደማ ሁለት እረኞች ከግመሎቻቸው ጋር ብቅ አሉ። ስለ መኪናዋ አልጠየቁም። የጠየቁት ሰላምን ነው፤ የሰውን ሰላም፣ የከብቱን ሰላም፣ በመጡበት አገር ዝናብ ጥሎ እንደሆነ። ወጣቱ በኪስዋሂሊ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አጎትየው ቀደሙት፤ “ነጋ” ብለው በኦሮምኛ ጀመሩ። አባታቸው በቦረና ምድር፣ በሜጋ ከተማ ባለሱቅ ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው የተጫወቱት ከቦረና ልጆች ጋር ነው። ጋብራዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚናገሩት ያንኑ ቋንቋ ነው። ስለ ቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ከሜጋ ስለማይርቀው ስለ ኤል ሶድ ጨው ተነሣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው አንደበት ሲናገሩ የኖሩት ሰው ድምፃቸው ከፍ፣ ትከሻቸው ቀና አለ። ወጣቱ አካፋውን እንደያዘ አያቸው። አጎቱ እንዲህ ፈጥነው ሲናገሩ፣ ሰውንም ሲያሥቁ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ከእረኞቹ አንዱ፣ ይህን ቋንቋ እያወቁ ማንን ሳይጠይቁ ነው እዚህ የገቡት አለ። አጎትየው ይህን አልተረጎሙም፤ ወጣቱ ግን ከሣቁ ተረዳው።

እረኛው የጎማውን ውጥረት በጣቱ መታ አድርጎ ወደ ግመሎቹ እግር አመለከተ። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ክብደቱን ዘርግቶ ይራመዳል፤ አይሰምጥም። የጎማውም ምሥጢር ይኸው ነው፤ ነፋሱ ሲቀነስ ምድሩን በሰፊው ይረግጣል። ከ40 ወደ 18 ፒኤስአይ አወረዱት። አምስቱ ሰዎች ገፍተው፣ መኪናዋ በመጣችበት ዱካ ወደ ኋላ እየተሳበች፣ ጀምበር ስትጠልቅ ከጠንካራው መሬት ወጣች። እዚያው አደሩ፤ ሻይ አብረው ጠጡ።

በማግስቱ ዳር ዳሩን ዞሩ። በካላቻ ምንጩንና ዘንባባውን፣ በኖርዝ ሆር አሸዋውን አለፉ። ከዚያም በኩላል ተራራ አካባቢ ስለታም ጥቁር ድንጋይ ሲጀምር ጎማውን በፓምፕ መልሰው ነፉት፤ የላላ ጎማ በአሸዋ የሚያድነውን ያህል በስለታም ድንጋይ ጎኑ ይቀደዳልና። በማግስቱ ሎይያንጋላኒ ደረሱ።

የሃንጋሪው ባላባት ሳሙኤል ቴሌኪ በ1888 እዚህ ሲደርስ ሐይቁን በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ ብሎት ነበር፤ ቱርካና የተባለው በ1975 ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ የሚመጣ ነው። አጎትየው ዝቅ ብለው እጃቸውን ነከሩ፤ ጨዋማውን ውሃ ቀምሰው “ይኼ እኮ የኛ ነው” አሉ።

አጠገባቸው መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ከየት እንደመጡ በኪስዋሂሊ ጠየቀ። አሁን የሚተረጉመው ወጣቱ ሆነ። ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ሲሰማ ሰውየው ቀና ብሎ ስለ ግድቡ ጠየቀ። ግልገል ጊቤ 3 በ2016 ተመርቋል፤ ዩኔስኮ ደግሞ በ2018 የሐይቁን ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ዓሣ አጥማጁ የጠየቀው አጭር ነበር፦ ከላይ ያሉት ሰዎች፣ ከታች ሰው እንዳለ ያውቃሉ ወይ?

ወጣቱ ጥያቄውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ አማርኛ መለሰው። አጎትየው እጃቸው ላይ የደረቀውን ውሃ እያዩ ቆዩ። ከዚያም “እኔ አላውቅም ነበር በለው። አሁን ግን አውቄያለሁ” አሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ወጣቱ መሣሪያውን ከፍቶ ጫልቢን የሚሰነጥቀውን ቀጥተኛ መስመር አጠፋ፤ በምትኩ የዞሩበትን ረጅም መንገድ አስገባ። መኪናዋ የሰመጠችበት ነጥብ ስም አልነበረውም። ስሙ ማን እንደሆነ የጋብራውን ሰው እንዲጠይቁለት አጎቱን ለመነ። ሰውየው ተናገረ፤ አጎትየውም ፊደል በፊደል እየነገሩት ጻፈው።