በዓይነ ሥጋ መተያየት

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በቲካ አውራ ጎዳና አጠገብ የምትገኘው ካሳራኒ ይበልጥ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ለተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በተሠራው ታላቅ ስታዲየም ነው። በአካባቢው ባሉት ፎቅ ቤቶች ግን ብዙ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል ከአንድ ወዳጁ ጋር ለዓመታት በስልኩ ሲጻጻፍ የኖረ፣ የወዳጁን ቀልድና ቁጣ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ድምፁን እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ማግኘት አያዳግትም። ያ ወዳጅ ምናልባት የሚኖረው ከዐሥር ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቀው መሐል ከተማ ይሆናል። የመንገዱ መጨናነቅ በምክንያትነት ቢጠቀስም፣ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው።

አለመገናኘት የራሱ የሆነ ምቾት አለው። የሚጻጻፍ ሰው ሐሳቡን ሰርዞ ደልዞ፣ ደካማ ጎኑን ሸሽጎ መቅረብ ይችላል፤ ክርክሩ ቢከርርበትም ስልኩን አጥፍቶ መተኛት ይበቃዋል። በቀድሞው ዘመን የነበሩት የብዕር ጓደኞችም ይህን ምቾት ያውቁት ነበር። ሆኖም የአንድን ሰው ሐሳብ ማወቅና ያንን ሰው ማመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነታቸውም በደኅናው ቀን ጎልቶ አይታይም።

በኬንያ ክፉው ቀን የመጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2007 ከተደረገው ምርጫ በኋላ ነው። በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ ወደ ደም መፋሰስ ተሸጋገረ፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩትም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። መንግሥት የቀጥታ ሥርጭትን ስለከለከለ በየሠፈሩ የሚደርሰውን ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። በዚህ ጊዜ የሕግ ባለሙያዋ ጦማሪ ኦሪ ኦኮሎ ጥቃት የደረሰባቸውን ሥፍራዎች በካርታ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ለመሥራት የሚችል ሰው ይገኝ እንደሆነ በጽሑፏ ጠየቀች። ኤሪክ ሄርስማን፣ ጁሊያና ሮቲችና ዴቪድ ኮቢያ ጥሪዋን ተቀበሉ። በስዋሂሊ ቋንቋ «ምስክርነት» ማለት የሆነው «ኡሻሂዲ» በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሠርቶ፣ ሕዝቡ ያየውን የሚያስታውቅበት መንገድ ተከፈተ።

ሄርስማን በዚያን ጊዜ ይኖር የነበረው በፍሎሪዳ፣ ኮቢያ ደግሞ በአላባማ ነበር። እንዲህ ተራርቀው የሰው ሕይወት ያለበትን ጉዳይ ያለ ብዙ ጥርጣሬ በጋራ መያዛቸው ያስገርማል። ነገር ግን ከወራት በፊት፣ በጁን 2007፣ በታንዛኒያ በአሩሻ ከተማ በተደረገው የቴድ ጉባኤ ላይ ስለ አፍሪካ የሚጽፉ በርካታ ጦማሪዎች ተሰብስበው ነበር፤ ኦኮሎ፣ ሄርስማንና ሮቲችም በዚያ ነበሩ። ኡሻሂዲን የወለደው አሩሻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም አብሮ በልቶ፣ ፊት ለፊት ተከራክሮ የተለያየ ሰው ጥሪ ሲደርሰው «ይህ ማነው?» ብሎ በመጠየቅ ጊዜ አያጠፋም። ሄርስማን እ.ኤ.አ. በ2010 በናይሮቢ «አይሃብ» የተባለውን የጋራ የሥራ ቦታ መሥርቷል። ሥራቸው ሁሉ በኮምፒዩተር የሚያልቅ ሰዎች ወንበርና ጠረጴዛ ፍለጋ ከተማውን አቋርጠው መምጣታቸው ላልለመደው ሰው እንቆቅልሽ ነው።

በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በማኅበራዊ መገናኛ በጽሑፋቸው ይተዋወቁ የነበሩ ዘጠኝ ወጣቶች ተሰባሰቡ። መሰባሰባቸው በወሬ ብቻ አልቀረም። ቃሊቲ እስር ቤት ሄደው የታሰሩ ጋዜጠኞችን ጠየቁ። እስር ቤቱ ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው የሚለው መራራ ቀልድም «ዞን ዘጠኝ» የሚለውን ስም አስገኘላቸው። በየቤታቸው ተቀምጠው ቢጻጻፉ ኖሮ ይህን ስም ባላገኙት ነበር።

በአካል መገናኘት ዋጋ እንደሚያስከፍልም መካድ አይገባም፤ አብረው የሚታዩ ሰዎች አብረው ለመያዝ ይቀላሉና። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ከዘጠኙ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ፤ በኋላም በሽብርተኝነት ተከሰሱ። ከታሰሩት አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ፣ የቀሩትን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከሽብርተኝነት ክስ ነፃ አደረጋቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስቱ የቡድኑ አባላት በውጭ አገር ነበሩ። ለእነርሱ ወዳጅነቱ ወደ ጽሑፍ ብቻ ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ታሰሩት ጓደኞቻቸው ለዓለም ሲጽፉ፣ የእያንዳንዱን ፊትና አሳሳቅ እያስታወሱ ነበር።