ለወፎች የተረፈ አንድ ሜትር

ግቢያችን ይነጠፍ አይነጠፍ በሚለው ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል። እሱን የክረምቱ ጭቃ አማሮታል፤ እኔ ደግሞ የአምስት ዓመቷ ልጃችን ወፍን በቴሌቪዥን ብቻ እያየች እንድታድግ አልፈለግኩም። በመጨረሻ መሀሉ ተነጠፈ፤ በአጥሩ ሥር አንድ ሜትር ስፋት ያለው አፈር ቀረልን።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኛ የሚመጣው የሚፈልገውን ሲያገኝ ነው፤ ወፍም እንደዚያው። እሬት ተከልን። ሲያብብ ሰንበርድ የሚባሉት፣ ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ ትናንሽ ወፎች ማሩን ሊቀስሙ መጡ። በአዲስ አበባ ግቢዎች ከሚታዩት አንዱ ዝርያ በተከዜ ወንዝ ስም ይጠራል፤ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል።

አበባ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰንበርዶች ጫጩቶቻቸውን ነፍሳትና ሸረሪት ይመግባሉ፤ ጎጇቸውንም በሸረሪት ድር ያያይዛሉ። ስለዚህ በዚያች ሜትር ላይ ፀረ ተባይ አይረጭም፤ የአጥሩ ድርም አይጠረግም። ጥልቀት በሌለው የሸክላ ሳህን ውሃ እናስቀምጣለን። ትንኝ እንዳይራባበት በየቀኑ የምትቀይረው ልጃችን ናት፤ ጠዋት ሳትታዘዝ የምትሠራው ብቸኛ ሥራ ይህ ነው።

ግቢ ከሌለዎት ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ አንድ እሬት ይሞክሩ። ግቢዎን ሊያስነጥፉ ካሰቡ ደግሞ ሠራተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሜትር ይለዩ። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ አፈሩን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።