ስለ እናትና ስለ ልጅ ምስክርነት

በአገራችን የሰው ዝምድና የሚታወቀው በዐይንና በጆሮ ነው። ሕፃን ሲወለድ እልልታው ይሰማል፤ ጎረቤት የማርያምን ገንፎ ይበላል፤ ቀኑ ሲደርስም ክርስትና ይነሣል። ከዚያ በኋላ ይህ ልጅ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ እንግዳ ብቻ ነው፤ እንግዳውም ቢሆን የነገሩትን አምኖ መንገዱን ይሄዳል እንጂ ወረቀት አምጡ አይልም። ይህ ልማድ ተወልዶ ባደገበት መንደር ለሚቀበር ሰው በቂ ነበር። ዛሬ ግን ልጆቻችን ባሕር ተሻግረው የሌላ አገር ዜጎች ሆነዋል፤ እናት አባታቸውንም ወስደው ሊጦሩ ሲነሡ የሚመረምራቸው ሰው ገንፎውን ያልበላ፥ እልልታውንም ያልሰማ ነው።

በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ እናቱንና አባቱን ለማስመጣት ማመልከት ይችላል። በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የተቀመጠ ሰው ግን ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ እንጂ ለወላጆቹ ማመልከት አይችልም። የማመልከቻው ቅጽ አይ-130 ይባላል። ከእርሱ ጋራ ልጁ ከዚያች እናት መወለዱን የሚያስረዳ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ስለ አባት ሲሆን የወላጆቹ የጋብቻ ማስረጃም ይጨመራል። በኋላም ልጁ ገቢው ተቈጥሮ፥ መንግሥቱ ለድህነት ከወሰነው ልክ 125 በመቶ መድረሱ ታይቶ፥ ለወላጁ ዋስ ይሆናል። የቪዛው በር እንደ ጊዜው መንግሥት ፈቃድ የሚከፈትና የሚዘጋ ስለ ሆነ ስለ እርሱ አልናገርም፤ ነገሬ ስለ ዝምድናው ማስረጃ ብቻ ነው።

ይህን ያወቅሁት ሕግ ተምሬ አይደለም። እኔ ያደግሁት በጎጃም በቅኔ ቤት ነው፤ ዕድሜዬንም የፈጀሁት ግስ በመግሰስና ተማሪ በማስቀኘት ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የትውልድ ደብሬ ልጅ እናቷን ለመውሰድ አመልክታ ኖሮ፥ ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ እርስዋም ወደ እኔ ላከች። የልደት ወረቀት አልነበራትም ማለት አይደለም። ነበራት፤ ዳሩ ግን የተጻፈው ካደገች በኋላ፥ ወደ ውጭ ለመሄድ ስትነሣ ነው። መርማሪዎቹም ከልደት ብዙ ዓመት ቈይቶ የተጻፈውን ወረቀት ብቻውን አያምኑትም፤ በልደቱ ዘመን የተጻፈ ነገር ይሻሉ።

በዚህ እነርሱን መውቀስ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የልደት፥ የጋብቻና የሞት የክብር መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን የመዝገቡ ሥራ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቈይ ስለ ተደረገ ከ50 ዓመት በላይ ሳይሠራበት ቀረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባውም በአገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር ለተወለድነው መዝገባችን የሽማግሌ ልብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ይህን ስላወቀ የልደት መዝገብ በታጣ ጊዜ ሕዝቡ የእገሌ ልጅ ብሎ ማወቁና እንደዚያው ማኖሩ ለልጅነት ማስረጃ እንዲሆን ፈቅዷል። ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ፤ የአገሩን ጠባይ ዐውቆ የተጻፈ ነውና። የአሜሪካው መርማሪ ግን በመንደራችን አልኖረም።

ቢሆንም እርሱም በሩን ጨርሶ አልዘጋም። የልደት መዝገብ ላጣ ሰው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ማስረጃ፥ የልጅነት ዘመን የትምህርት ቤት መዝገብና በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ቃል ይቀበላል። ስለ ጥምቀቱ ማስረጃ ግን አንድ ውል ተጽፏል፤ ይኸውም ማኅተም ያለበት እንዲሆን፥ የወላጆችን ስም እንዲይዝ፥ ጥምቀቱም ሕፃኑ በተወለደ በሁለት ወር ውስጥ የተፈጸመ እንዲሆን ነው። ካህናት ወንድሞቼ ይህን ሲያነቡ ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ ሳይገባቸው አይቀርም። ወንድ በ40 ቀን ይጠመቃልና ከውሉ ውስጥ ይገባል፤ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለችና ከውሉ ትወጣለች። እንግዲህ በሥርዐታችን የተጠመቀች ሴት ሁሉ ከዚያ መርማሪ ፊት ስትቆም ምስክሯ 20 ቀን ያህል ዘግይቶ ይገኛል ማለት ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች በሴቶች ልጆቻችን ላይ ሊፈርዱ አስበው አይመስለኝም፤ ኩፋሌን አላነበቡም እንጂ።

የደብራችን የጥምቀት መዝገብ የተማሪ ደብተር ነው። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ መሪጌታ ማንም ሳያዝዛቸው ያጠመቁትንና ሲጠመቅ ያዩትን ሕፃን ሁሉ እየጻፉ ያቈዩት ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ጢስም አጥቍሮታል፤ ጽሕፈቱ ግን የደብዳቤ ሳይሆን የብራና ያህል የተጠነቀቀ ነው። የዓለም ስም፥ የክርስትና ስም፥ የልደትና የጥምቀት ቀን፥ የአባት፥ የእናትና የክርስትና እናት ስም በተራ ሰፍሯል። የልጅቱን ስም ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልሁ፤ በመጨረሻም አገኘሁት። ልደት ጳጉሜን 3 ቀን 1971 ዓ.ም.፤ ጥምቀት ኅዳር 16 ቀን 1972 ዓ.ም.፥ በኪዳነ ምሕረት ዕለት። ያ ዓመት የሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ ይህን ይዤ ከልደቱ ዕለት ጀምሮ ብቈጥር ልክ 80 ሆነ። አንድ ቀን አልጐደለም፤ አንድ ቀንም አልተረፈም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቈየም፤ የእናቲቱ ስም በደብተሩ ሌላ፥ በፓስፖርታቸው ሌላ ሆኖ ተገኘ። በዚያ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች። መሪጌታው የጻፉት መንደሩ የሚጠራቸውን የአማታቸውን ስም ነው፤ ፓስፖርቱ የያዘው ግን አባታቸው ያወጡላቸውን ነው። በዚህ ላይ በእኛ ልማድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት፥ ሦስተኛው የአያት ስለ ሆነ፥ ሚስትም የባሏን ስም ስለማትወስድ፥ እናትና ልጅ በወረቀት ላይ የሚገናኙበት ስም አንድ እንኳ የለም። የውጭው ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ባዕዳን የተጻፉ ይመስለዋል። በመጽሐፈ ዕዝራ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ሲቈጠር 652 ሰዎች የአባቶቻቸውን ቤት ማሳየት ተስኗቸው ነበር፤ ከካህናቱም ወገን የትውልድ መጽሐፋቸውን ፈልገው በማጣታቸው ከክህነት የተከለከሉ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ወገን አባታቸው ከቤርዜሊ ልጆች ሚስት አግብቶ በአማቾቹ ስም የተጠራ ነው። በጋብቻ የተለወጠ ስም መዝገብ ማናጋቱ የዛሬ ነገር አይደለም።

በዚህ መካከል ከከተማው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው እናቲቱን ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ደንቡን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። «የኔታ፥ ማስረጃውን ሲጽፉ የጥምቀቱን ቀን ጥቅምት 6 ያድርጉት። ልጅነቷ እውነት ነው፤ የሚለወጠው ቀን ብቻ ነው» አለኝ። ጥቅምት 6 ከልደቷ 40ኛው ቀን መሆኑ ነው። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዐዝኖላቸው የተናገረ መሆኑ ከፊቱ ይታይ ነበር። እኔን የከበደኝ እርሱ ሳይሆን እናቲቱ በመደቡ ጥግ ተቀምጠው የአፌን ቃል መጠባበቃቸው ነው። ልጃቸውን ካዩ 14 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያውቁት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያሉ ሴት አይሆንም ማለት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አይሆንም አልሁ።

ሰምና ወርቅ በቅኔ ማኅሌት ጌጥ ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ መምህሩም ተማሪውም ደስ ይለዋል። የምስክር ቃል ግን እንደ ተነገረ የሚፈታ አንድ ፍቺ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ደግሞስ ሴት ልጅ በ40 ቀን ተጠመቀች የሚል ወረቀት በአንድ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ እጅ ቢገባ እርሱ ዝም ይላል? ያን ጊዜ እውነተኛው ልጅነት በሐሰተኛው ቀን ምክንያት ሐሰት ይሆናል። በዚያ አገር ሕግ ዐውቆ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ለዘለቄታው ከመግባት ሊከለከል ይችላል፤ የሚከለከሉትም ጉዳይ አስፈጻሚው ሳይሆኑ እናቲቱ ናቸው። ይህን ሁሉ ለእርሳቸው ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «እንደ ተጻፈው ይጻፉት የኔታ፤ ልጄን በኪዳነ ምሕረት ነው ያስጠመቅኋት» አሉኝ።

ስለዚህ እንደ ተጻፈው ጻፍሁት፤ የደብሩ አስተዳዳሪም አይተው ማኅተም አደረጉበት። ከእርሱም ጋራ ሌላ ደብዳቤ ጨመርሁ። በእርሱም ቤተ ክርስቲያናችን ሴት ልጅን በ80 ቀን የምታጠምቀው ከኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ወላዲት መንጻት ከተሠራው ሥርዐትና አዳም በ40 ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው የኩፋሌ ትምህርት ጋራ ተያይዞ መሆኑን፥ ይህም ለአንዲት ልጅ የተፈጠረ ምክንያት ሳይሆን የሁሉ ደንብ መሆኑን አስረዳሁ። ቀኖቹንም በአውሮፓ አቈጣጠር መልሼ፥ ልደቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1979፥ ጥምቀቱ ኖቬምበር 26 ቀን 1979 መሆኑን አሰፈርሁ። 13ኛ ወር የሌለው ሕዝብ ጳጉሜንን ሲያይ የጸሓፊ ስሕተት ይመስለዋልና ስለ እርስዋም ሁለት መስመር ጻፍሁ። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሰናከላል። እናት በ1948፥ ልጅ በ1966 ዓ.ም. ተወልደው ሳለ የእናቲቱ ዓመት ብቻ ተመልሶ 1956 ቢባል፥ የልጁም እንዳለ ቢቀር፥ በ18 ዓመቷ የወለደችው ሴት በ10 ዓመቷ የወለደች ሆና ትገኛለች።

ስለ እናቲቱ ሁለት ስሞች ምስክር አስፈለገ። የአሜሪካው ደንብ ከሁለት የማያንሱ፥ ነገሩን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ይሻል፤ እያንዳንዱም ሙሉ ስሙንና አድራሻውን፥ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፥ ለአመልካቹ ምን እንደሚሆን፥ ያየውንም እንዴት ሊያይ እንደ ቻለ ይናገራል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሁለት ምስክር ከኦሪት ጀምሮ የቈየ ነው። የተገኙት አንድ ሽማግሌና ልጅቱን ያዋለዱ አሮጊት ናቸው። አሮጊቷ ስለ ሌሊቱ ዝናብ፥ ስለ ጠፋው ኵራዝ፥ አማቲቱ ሙሽራይቱን በአዲሱ ስሟ እየጠሩ እንዴት እንዳበረቷት ሲናገሩ እኔ መጻፍ አቅቶኝ እጄን አሳረፍሁ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያትሙ «ይህ ወረቀት እስከዚያ ድረስ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ።

በእግረ መንገድ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች አክስት ወይም አያት አሳድጋኝ እናቴ እርስዋ ናት፤ ለእርስዋ ማመልከት እችላለሁን? እያሉ ይጠይቁኛል። በአገራችን ያሳደገች እናት መባሏ እውነት ነው። በዚያ ሕግ ግን አክስት ወይም አያት ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው በሕግ ልጅ ያደረገች ካልሆነች እናት ተብላ አትቈጠርም፤ ይህም ብዙ ሰው አስለቅሷል። የጡት ልጅነትና የክርስትና ልጅነትማ በዚያ ቅጽ ላይ ስፍራም የላቸው።

መሥሪያ ቤቱ ወረቀቶቹን ከተመለከተ በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ቢደረግ መልካም ነው ብሎ መከረ። ምርመራው ግዴታ አይደለም፤ ማስረጃው ሲያንስ የሚመከር ነው፤ ወጪውንም የሚችለው አመልካቹ ነው። ከእናቲቱ ጕንጭ ውስጥ ኤምባሲው በወሰነው ቦታ በጥጥ ተወስዶ በአሜሪካ ወዳለ የታወቀ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ ውጤቱም በማንም እጅ ሳያልፍ ለመሥሪያ ቤቱ ይደርሳል፤ ልጅነቱም 99.5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እርግጥ መሆን አለበት። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ተቈጡ። «የኔታ፥ ያማጥሁባትን ሌሊት ጠይቀው ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ምራቄን ለምን ይፈልጉታል?» አሉ። «እናቴ፥ እርስዎን ጠርጥረው አይደለም፤ ሳይወልዱ ወለድን የሚሉ ስላሉ ነው» አልኋቸው። «እንግዲያ ይውሰዱት» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ወረርሽኙ ሥራውን ሁሉ አዘግይቶት ስለ ነበረ እናቲቱ የሄዱት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ደብተሩንም ገጽ በገጽ በፎቶግራፍ አስነሥተን በዕቃ ቤቱ ሣጥን ቈለፍንበት። ከእርሳቸው በኋላ አንድ በሚኒሶታ የሚኖር ሰው ስለ አባቱ ላከብኝ፤ እርሱ ግን የተጠመቀው መዝገብ ባልነበረው ደብር ነው፤ በትምህርት ቤት የተጻፈውም በአሳደጉት በአያቱ ስም ነው። ሁለት ምስክር ፈልግ አልሁት። አንዱ ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው 80 አልፏል፥ ልባቸው ግን ብሩህ ነው። ሁለተኛውን እስካሁን በመፈለግ ላይ ነን።