ያልገባህን ጠይቅ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ሰኞ መዝገብ ቤት ሥራ ትጀምራለህ። ለፋይሉ አልሰጋም፤ አንተ ያስቀመጥከው አይጠፋም። የማስብልህ ስለ ሰዉ ነው።

ሰላምታችን ረጅም ነው። «እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና?» የሚልህ ሰው ዝርዝር አይጠብቅም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ይበቃዋል። አለቃህ «እስቲ እናያለን» ካሉህ እሺ ያሉህ አይምሰልህ፤ ብዙ ጊዜ እምቢ ላለማለት ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ምሳ ላይ ጉርሻ ሲመጣብህ ከጨነቀህ፣ «አመሰግናለሁ፣ በራሴ እበላለሁ» በል። ታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው፤ ባልደረባህ ግን የደበቅኸው ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል። «ሳላይህ ነው በደንብ የምሰማህ» ብለህ ንገረው።

ይህን የምልህ ጉድለቱ ያንተ ብቻ ሆኖ አይደለም። እንዳንተ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዳሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን መሆኑን ጽፏል። በ2020 በታተመ ጥናት ደግሞ ስምንት ስምንት ሰዎች አንድን ታሪክ ተቀባበሉ። ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ከሌሎቹ አላነሱም፤ ታሪኩ ይበልጥ የተሸራረፈው ሁለቱ ወገኖች ሲደባለቁ ነበር። እንግዲህ አንተ ወደ እነሱ እንደምትሄድ፣ እነሱም ወደ አንተ መምጣት አለባቸው።

መንገዱን አሳያቸው። የቃል ትእዛዝ ሲደራረብብህ «በጽሑፍ ይስጡኝ» በል። ልመና አይደለም፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለሠራተኛው ተስማሚ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ብዙ ልጆች ከሰው ዓይን ተሰውረው ያድጉ ነበር። እንደ እሳቸው ያሉ እናቶች በአደባባይ የተናገሩት አንተም እንድትናገር ነው።

ሁሉም ስለሳቀ ብቻ አትሳቅ። ሌላውን ለመምሰል ቀኑን ሙሉ መታገል ጉልበት ይጨርሳል። ጫጫታው ሲከብድህ ተናግረህ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ በል። ያልገባህን «ምን ማለትዎ ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ቅን ባልደረባ ይስጥህ፤ ሰሚ ጆሮ አያሳጣህ። አሜን።

አባትህ